አካል ጉዳተኛ ልጆችን ያካተተ መዝናኛና የቤተሰብ የእረፍት ቀን ጉዞ፤ ለመርካቶና ለአዲስ ከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመጡ በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ሕክምና፣ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። «ልጄን እሑድ የት ወስጄ ላዝናናው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ጥያቄው የማይነሣው ፍላጎቱ ስለሌለ ሳይሆን መዝናናት ከሌላው ችግር ጋር ሲነጻጸር ቅንጦት መስሎ ስለሚታይ ነው። ወንድሞቹና እህቶቹ ለበዓል ለብሰው ሲወጡ አያቱ ወይም ሠራተኛዋ ዘንድ የሚቀረው ልጅ ግን ቅንጦት አልቀረበትም፤ የቀረበት ከእኩዮቹ ጋር የሚያድግበት ጊዜ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በመርካቶና በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጃቸውን ይዘው ለመውጣት ሲያስቡ ሊያውቁት የሚገባውን ለማመላከት ሲሆን፣ አብዛኛው ይዘቱ በሌሎች ክፍለ ከተሞችም ይሠራል።

የሕግ መሠረቱ

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሕፃን የማረፍ፣ የመጫወትና የመዝናናት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ሕፃናት ጋር በእኩልነት በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት እንዲሳተፉ አባል አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆናቸው፣ እነዚህ ድንጋጌዎች በወረቀት ላይ የሰፈሩ መልካም ምኞቶች ብቻ አይደሉም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበትም ለእነርሱ የተመቻቸ መጸዳጃ እንዲኖራቸው ግዴታ አስቀምጧል።

እነዚህን ቁጥሮች መያዝ የሚጠቅመው ለክርክር ብቻ አይደለም። አንድ የመናፈሻ ጥበቃ ሠራተኛ «በወንበር መግባት አይቻልም» ሲል ወላጁ የሚለምነው ውለታ ሳይሆን የሚጠይቀው መብት መሆኑን አውቆ በእርጋታ ሊያስረዳ ይችላል።

ከደጃፍ እስከ አስፋልት

ሰባተኛ አካባቢ የምትኖር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ የሰባት ዓመት ልጅ ያላት አንዲት እናት እናስብ። ይህች እናት መናፈሻው ምን ያህል ይርቃል ብላ አትጨነቅም። የሚያሳስቧት ከቤቷ ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ያሉት ሁለት መቶ እርምጃዎች ናቸው፤ ኮረብታማ ኮብልስቶን፣ ክዳኑ የተነሣ የውኃ መውረጃ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሸቀጥ፣ ከአይሱዙ ላይ ጭነት የሚያራግፉ ሠራተኞችና ጭነት ይዞ የሚጣደፍ ጋሪ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በተለይም ቅዳሜ፣ በዚህ መካከል ወንበር መግፋት ለልጁም ለእናቱም አደጋ አለው።

እሑድ ግን የመርካቶ መልክ ሌላ ነው። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ይሆናል፤ የጭነት መኪናው ይቀንሳል፤ ስድስት ቀን መፈናፈኛ ያልነበረው አስፋልት ሰፊ ሜዳ ይመስላል። የሰፈሩ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታልና ከማለዳ ጀምረው ኳስ ይዘው ይወርዳሉ። በእኛ እምነት በዚህ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያው የመዝናኛ ቦታ መፈለግ ያለበት ሩቅ ሳይሆን እዚሁ፣ በእሑዱ ባዶ መንገድ ላይ ነው። በከተማ ደረጃም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ በወሩ የመጨረሻ እሑድ የተወሰኑ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛና ለስፖርት ክፍት የማድረግ ልምድ ተጀምሯል። የሰፈር ነዋሪዎችም በወረዳቸው በኩል አንድ መንገድ በእሑድ ለተወሰኑ ሰዓታት ለልጆች ጨዋታ እንዲዘጋላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ቁጥር ቢጠቅስ ይበልጥ ክብደት ይኖረዋል።

ከመውጣት አስቀድሞ፣ ልጁን ሳይዙ፣ መንገዱን አንድ ጊዜ በእግር መሄድ ይመከራል። የትኛው ቦይ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው መታጠፊያ ለወንበሩ ጎማ እንደሚጠብ፣ ጥላ የት እንዳለ ይታወቃል። በክረምት ወራት ደግሞ ጎርፍ የሸፈነው ጉድጓድ ስለማይታይ ከዝናብ በኋላ ያልተፈተሸ መንገድ መጠቀም አይገባም።

የምናውቃቸውን ጨዋታዎች ማመቻቸት

አካታች ጨዋታ ሲባል ከውጭ የሚመጣ ልዩ ዕቃ የሚያስፈልገው የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው ጨዋታዎች ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ አንዳንዶቹ ምንም አይፈልጉም።

ገበጣን እንውሰድ። ማየት የተሳነው ልጅ ጉድጓዶቹን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ጠጠሮቹን እየቆጠረ ከማንኛውም ልጅ ጋር እኩል ሊጫወት ይችላል፤ በመዳሰስ መቁጠር የለመደ ልጅ አንዳንዴ ከሚያየው ይፈጥናል። መስማት የተሳነው ልጅ ጨዋታው ንግግር ስለማይጠይቅ የሚያጣው ነገር የለም። በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ልጅ ገበጣውን በጠረጴዛ ወይም በጉልበቱ ላይ ማድረግ ይበቃል። እጁ ለማይታዘዝለት ልጅ ደግሞ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚነሣ እርሱ ይወስናል፣ ጓደኛው ያዘራል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ልጅ የጉድጓዶቹን ቁጥር መቀነስ፣ በእያንዳንዱም ጥቂት ጠጠር ብቻ ማድረግ ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ውሳኔው የልጁ መሆኑ ነው። ትልቅ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚጫወትለት ልጅ ተመልካች እንጂ ተጫዋች አይደለም።

ኳስን በሚመለከት፣ ማየት የተሳነው ልጅ አቅጣጫውን በድምፅ እንዲያውቅ ኳሱን በፌስታል መጠቅለል የቆየ ዘዴ ነው፤ ሲንከባለል ይንሿሿል። ነገር ግን ፌስታሉ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ መታሰር አለበት፤ ጨዋታው ሲያልቅም ትናንሽ ልጆች እጅ እንዳይገባ መነሣት አለበት። በሚጫወቱበት ጊዜ የሚመለከቱት ሰዎች ጸጥ እንዲሉ ማስለመድ ያስፈልጋል። ለሰፈር ልጆች የመጀመሪያው ቀን ይህ ከባድ ነው፤ ሦስተኛው እሑድ ላይ ግን ጸጥታውን የሚያስከብሩት ራሳቸው ይሆናሉ።

ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልን ስለሚጠይቅ በመጀመሪያ እይታ ለብዙ አካል ጉዳተኛ ልጆች ዝግ ይመስላል። ጨዋታው ግን ሁለት ክፍል አለው፤ መወርወርና መዝለል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቢከፈሉ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይዘላል፤ ነጥቡ የሁለቱም ነው። ድብብቆሽም እንዲሁ በጥንድ ሊደረግ ይችላል፤ ወንበር የሚገፋው ልጅ ብቻውን ከሚደበቀው ይልቅ ሳቅ ስለሚበዛበት ቶሎ ይገኛል፤ ይህም የጨዋታው ደስታ አካል ነው። እንካ ስላንቲያና ተረት መንቀሳቀስ ለማይችልም ማየት ለተሳነውም ልጅ የተመቹ ናቸው። መስማት የተሳነው ልጅ ባለበት ግን ተረቱ በእጅ ምልክትና በአካል እንቅስቃሴ ካልታጀበ ልጁን መካከል አስቀምጦ ማግለል ይሆናል። እኅትና ወንድም ጥቂት የምልክት ቋንቋ ቃላትን ቢማሩ ሰፈሩ ከእነርሱ ይማራል።

ልጁ ወደ ስፖርት ካዘነበለ የሚነገረው ታሪክ ሩቅ አገር አይደለም። አትሌት ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2020ው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ (እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው) ማየት የተሳናቸው በሚወዳደሩበት የ1,500 ሜትር ሩጫ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ አስገኝታለች። በወረዳ የስፖርት ማዘውተሪያዎችና የወጣቶች ማዕከላት አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚሳተፉበት ፕሮግራም መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም እንዲጀመር ማመልከት ይገባል።

ራቅ ወዳለ ቦታ መጓዝ

ልጁ ሰፈር ውስጥ መውጣትን ከለመደ በኋላ የቤተሰብ ጉዞ ማሰብ ይቻላል። የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ልጁ ሳይሰለች፣ ወላጅም ሳይደክም የተመለሰበት ቀን ለሚቀጥለው ጉዞ ፍላጎት ያሳድራል።

በሚኒባስ ታክሲ የሚጓዙ ቤተሰቦች ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ ቢንቀሳቀሱ ይሻላል። የሚታጠፍ ተሽከርካሪ ወንበር ከኋላ ወይም ከሾፌሩ ጎን ሊቀመጥ ስለሚችል ከመሳፈር በፊት ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር መነጋገር፣ ወንበሩ የሰው ቦታ የሚይዝ ከሆነም ሒሳቡን አስቀድሞ መስማማት አለመግባባትን ያስቀራል። የማይታጠፍ ወንበር ያላቸው ቤተሰቦች በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሲያዙ ስለ ወንበሩ መጠን ቢናገሩ የዕቃ መጫኛው ሰፊ የሆነ መኪና ሊመጣላቸው ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች አንድ ላይ ተሰባስበው መኪና ቢከራዩ ለእያንዳንዳቸው ወጪው ይቀንሳል፤ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ።

ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር በሰሜን–ደቡብ መስመሩ አውቶቡስ ተራንና ሰባተኛን የሚያካትት በመሆኑ ለአካባቢው ቅርብ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጣቢያዎች ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሊፍት በማይሠራበት ዕለት ልጅና ወንበር ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ግድ ይሆናል። በዕለቱ የሚሠሩትን ጣቢያዎችና የሊፍቱን ሁኔታ ሌላ የቤተሰብ አባል ቀድሞ ሄዶ ቢያረጋግጥ ጥሩ ነው። መነሻው ብቻ ሳይሆን መውረጃውም መታየት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው።

የት መሄድ ይቻላል?

ለብዙ የአዲስ አበባ ወላጆች የልጅነት መዝናኛ ማለት በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ነበር። ዛሬ አማራጩ ሰፍቷል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ የነገሥታቱን አዳራሾች፣ የክልሎችን ባህላዊ ቤቶችና የእንስሳት ማቆያን በአንድ ላይ ይዟል። ማየት ለተሳነው ልጅ የአንበሳ ግሣት ብቻ የሚተረክ ቀን ይሆንለታል፤ ድንገተኛ ድምፅ ለሚያስደነግጠው ልጅ ግን ያው ግሣት የሽብር ምንጭ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ ማለማመድ ይጠቅማል። ግቢው ሰፊና ተዳፋት ስላለበት ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር አይመከርም።

ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የሆነው ወዳጅነት ፓርክ በውኃውና በተነጠፉት መተላለፊያዎቹ ለወንበር ተጠቃሚ ልጅ የሚመረጥ ነው። በተመሳሳይ ወቅት የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ንጹሕ አየርና ደን አለው፤ ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በመሆኑ የመተንፈሻ ወይም የልብ ችግር ያለበትን ልጅ ከመውሰድ በፊት ሐኪም ማማከር፣ ለሁሉም ልጆች ደግሞ ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ለማየት የሚሄዱ ቤተሰቦች ወደ ክፍሉ የሚወስደው መንገድ ደረጃ አልባ መሆኑን በመግቢያው ላይ ይጠይቁ። ወጪ ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች በሰኔ 2013 ዓ.ም. እድሳቱ ተጠናቆ የተመረቀው መስቀል አደባባይ ሰፊ ሜዳው ለአየር መቀበያ ይሆናል።

የትኛውም ቦታ ሲመረጥ በር ላይ ከመድረስ በፊት ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፤ ደረጃ የሌለው መግቢያ በየትኛው በር ነው? ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ አለ? ልጁ ቢደክመው ጸጥ ያለ መቀመጫ የት ይገኛል? በእኛ ግምት የብዙ ቤተሰቦችን ቀን የሚያበላሸው መጸዳጃ ነው። ስለዚህ ዳይፐር የሚጠቀም ትልቅ ልጅ ያላቸው ወላጆች የሚነጠፍ ጨርቅ፣ ልብስ መቀየሪያና እንደ መጋረጃ የሚያገለግል ነጠላ ወይም ጋቢ ይያዙ። የልጁ ገመና በአደባባይ እንዳይገለጥ መጠበቅ የክብሩ ጉዳይ ነው።

ኦቲዝም ላለበት ልጅ የቦታውን ፎቶግራፍ ከአንድ ቀን በፊት ማሳየት፣ የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል ማስረዳት፣ የበዓል ግርግርን አስወግዶ በማለዳ መሄድና የጆሮ መሸፈኛ መያዝ ይመከራል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሳይወስድ አይውጣ፤ ውኃ ዳር ብቻውን አይተው። በቀላሉ ለማይናገር ማንኛውም ልጅ በኪሱ ወይም በልብሱ ውስጠኛ ክፍል የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይደረግለት፤ ስሙ ውጭ እንዲታይ አይመከርም፣ የማያውቀው ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላልና። ልጅ ቢጠፋ ለፖሊስ በ991፣ የሕክምና ድንገተኛ ችግር ካጋጠመ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ይቻላል።

የሰው ዐይንና የሰው እጅ

ወላጆች በአንደበታቸው ባይገልጹትም ከመንገድና ከደረጃ በላይ ከቤት የሚያስቀራቸው የሰው ዐይን ነው። ከንፈር መምጠጥ፣ «ምን ሆኖ ነው?» የሚል ጥያቄ በልጁ ፊት መወርወር፣ ከእርግማን ጋር የሚያያይዝ ሹክሹክታ። አካል ጉዳት የማንም ኃጢአት ውጤት አይደለም፤ ይህን ለልጁ ወንድሞችና እህቶች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፣ መንገድ ላይ መልስ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

ከዚህ የሚለይና ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ነገር አለ። በተለይ በበዓላት ቀን፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በአንዋር መስጊድ አካባቢ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ያየ መንገደኛ ብር አውጥቶ ጭኑ ላይ ሊያኖር ይችላል። ሰጪው በጎ አስቧል። አዲስ ልብሱን ለብሶ ሊዝናና የወጣው ልጅ ግን በዚያች ቅጽበት ሰው በምን ዐይን እንደሚያየው ይማራል። ወላጁ መቆጣት አያስፈልገውም፤ ብሩን በአክብሮት መልሶ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄን ላዝናና ነው የወጣሁት፤ ሰላም ቢሉት ደስ ይለዋል» ማለት ይበቃል። ልጁ ይህን ንግግር መስማቱ ከሰጪው መረዳት ይበልጣል። ለመንገደኞች ደግሞ የምናስተላልፈው መልእክት አጭር ነው፤ ልጁን እንደማንኛውም ልጅ ሰላም ይበሉት፤ ማገዝ ከፈለጉ ወንበሩን ከመንካትዎ በፊት ይጠይቁ።

ድጋፍና አቤቱታ

ስለ ድጋፍ መሣሪያዎች፣ ስለ ማኅበራዊ ድጋፍና በአካባቢው ስላሉ የልጆች መጫወቻ ስፍራዎች መረጃ ለማግኘት በቅድሚያ የሚኬደው በሚኖሩበት ወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ሲሄዱ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ካለ የሕክምና ማስረጃ ይያዙ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበር ለወላጆች ምክር ይሰጣሉ፤ ከሌሎች ወላጆች ጋርም ያገናኛሉ። በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከል በኦቲዝም ላይ በመሥራት በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ነው።

ልጅዎ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመናፈሻ፣ ከመጫወቻ ስፍራ ወይም ከትራንስፖርት ከተከለከለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል በዚያው ዕለት በጽሑፍ ያስፍሩ፤ የነበረ ምስክር ካለ ስልኩን ይያዙ፤ ደረጃውን ወይም የተዘጋውን መግቢያ ፎቶግራፍ ያንሡ። አቤቱታው በመጀመሪያ ለቦታው አስተዳደር፣ ምላሽ ካልተገኘ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ከዚያም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል። የማመልከቻውን ግልባጭ ላይ የተቀባዩን ማኅተምና ቀን ማስደረግዎን አይርሱ።